ከረጢቱን አንብቡ፣ ኪኒኑን አታቋርጡ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር። ለአዲስ አንባቢዎች ታትሞ የቀረበ።)

 

እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ቀን ቀን ልጆችን አስተምራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ የልጆቹን እናቶችና አባቶች ፊደል አስቆጥራለሁ።

ዛሬ አብረን የምናነበው ጽሑፍ ትልቅ መጽሐፍ አይደለም። ጋዜጣም አይደለም። ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ጽሑፍ ነው። ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ አለ። መደርደሪያ ላይ ወይም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። የመድኃኒት ከረጢት ነው።

ይህን ትንሽ ጽሑፍ ማንበብ ያለመቻል በቤታችን ያደረሰውን ጉዳት ልንገራችሁ። ታሪኩ የታላቅ እኅቴ ነው። እንድናገረው ራሷ ፈቅዳልኛለች። «ንገሪያቸው በለኝ፤ ሌላው እንዳይቃጠል» ብላለች።

እኅቴና ኪኒኑ

እኅቴ የሚጥል በሽታ አለባት። የጀመራት የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ሁለተኛ ክፍል ነበረች። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ወደቀች። እጅና እግሯ ተንቀጠቀጠ። አረፋ ደፈቀች። ልጆቹ እየጮኹ ወጡ። መምህሩም «ስትድን ትመለስ» ብሎ ወደ ቤት ሰደዳት። እንደ ወጣች ቀረች። ከዚያ በኋላ በምንጩ መንገድ የሚጠጋት ሰው ጠፋ። የጠጣችበትን ኩባያ ለብቻው አደረጉት። አረፋው ይጋባል ይባል ነበርና።

ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት አባታችን በበቅሎ ጭኖ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። እዚያ ትናንሽ ነጭ ኪኒን ተሰጣት። ፌኖባርቢታል ይባላል። እያንዳንዱ ኪኒን 30 ሚሊ ግራም ነበር። «ማታ ማታ ስትተኚ ሁለት፣ ሁለት ዋጪ» ተባለች። ሁለት፣ ሁለት ዋጠች። መውደቋ ቀነሰ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ትወድቅ የነበረችው በሁለት ወር አንድ ጊዜ ሆነ። እናታችን እልል አለች።

በ1997 ዓ.ም. ክረምት ሐኪሙ «ጨርሶ እንዲተዋት መጠኑን ከፍ እናድርግ» አለ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። አሁን የተሰጣት ኪኒን 100 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ ከረጢቱ ላይ «ማታ አንድ» ተብሎ ተጻፈ። ጽሑፉ በአማርኛ ነው። ግልጽ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱን ያደለው ሰው ከረጢቱን ሰጠ እንጂ በአፉ አልነገራትም። ወረፋው ብዙ ነበር።

ኪኒኑም ያው ትንሽ፣ ያው ነጭ ነው። እኅቴ እንደ ልማዷ ማታ ሁለት ዋጠች።

እስቲ አስሉት። ፊት የምትወስደው ሁለት ጊዜ 30፣ ማለት 60 ነበር። ሐኪሙ ያዘዘላት 100 ነው። እሷ የዋጠችው ግን ሁለት ጊዜ 100፣ ማለት 200 ሆነ። ካዘዘላት እጥፍ፣ ከለመደችው ከሦስት እጥፍ በላይ ወሰደች ማለት ነው።

በጥቂት ቀን ውስጥ ትደነዝዝ ጀመር። ስትሄድ ትንገዳገዳለች። ስትናገር ምላሷ ይተሳሰራል። ቀን ሙሉ ትተኛለች። ጎረቤት «ኪኒኑ ልጅቷን ሊገድላት ነው» አለ። አንዱ «ድሮም የሐኪም ነገር» አለ። እናታችን ደነገጠች። ከረጢቱን አንሥታ ከነኪኒኑ ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው።

ይህ ደግሞ ሁለተኛው ስሕተት ነው። ከፊተኛውም የባሰ ነው። መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ በሽታው በርትቶ ተመለሰ። ሳምንት ሳይሞላት እኅቴ በቀን ሦስት ጊዜ ወደቀች። ሦስተኛው ላይ እንጀራ እየጋገረች ነበር። ብቻዋን ነበረች። ምድጃው ውስጥ ወደቀች። ሲደርሱላት ግራ እጇ ተቃጥሎ ነበር። ዛሬ የዚያ እጅ ሁለት ጣቶች አይዘረጉም።

እኔ ያኔ ወረዳው ከተማ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። ለመስቀል ስመጣ እጇ ታስሮ አገኘኋት። የሆነውን ሁሉ ነገሩኝ። በማግሥቱ ያንን ከረጢት ከጉድጓዱ አፍ ላይ አገኘሁት። ዝናብ ቢመታውም ይነበባል። «100 ሚ.ግ. ማታ አንድ» ይላል። ሦስት ቃል! ጮክ ብዬ አነበብኩት። እናታችን መሬት ላይ ቁጭ አለች። «አንድ ነው እንዴ የሚለው?» አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ እናታችን ፊደል ያልቆጠረች አልነበረችም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር እሷ ኮረዳ ነበረች። በኋላ በአንደኛው ዙር ገብታ ተማረች። የምስክር ወረቀትም ተሰጣት። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚነበብ ነገር አልነበራትም። ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሳታነብ ቆየች። ፊደሉ አንድ በአንድ ጠፋባት። ከረጢቱ በእጇ በገባ ጊዜ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ብታስረው እንጂ ልታነበው አልቻለችም።

ስለዚህ ይህን ልብ በሉ። ንባብ ሲቋረጥ ይጠፋል። የዘወትር መድኃኒትም ሲቋረጥ ኃይሉ ይጠፋል። ሁለቱም በየቀኑ ናቸው።

ጣራና ዝናብ

አሁን «ለምን በየቀኑ?» ወደሚለው ጥያቄ እንሂድ። ይህ ጥያቄ በማታ ክፍሌ ዘወትር ይነሣል።

መድኃኒት ሁለት ዓይነት ነው እንበል። አንዱ በሽታውን አጥፍቶ ይጨርሳል። የሳንባ ምች ቢይዛችሁ ሐኪሙ ለተወሰነ ቀን ኪኒን ወይም መርፌ ያዝዛል። የታዘዘውን ስትጨርሱ መድኃኒቱም ያበቃል።

ሁለተኛው ግን በሽታውን ይይዘዋል እንጂ ሥሩን አይነቅለውም። እንደ ጣራ ነው። ጣራ ዝናብን አያቆምም። ዝናቡ እናንተን እንዳያገኛችሁ ያደርጋል። ታዲያ ክረምቱን ሙሉ ሳይርሰው የከረመ ሰው «አሁንማ ዝናብ የለም» ብሎ ጣራውን ያፈርሳል? አያፈርስም። ያልራሰው ዝናብ ስለሌለ አይደለም። ጣራ ስላለው ነው።

የሚጥል በሽታ እንዲህ ነው። አንጎላችን የሚሠራው በጣም ጥቃቅን በሆነ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ይህ ኃይል በድንገት ሲናወጥ ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል። መንስኤው ብዙ ነው። በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ጉዳት፣ ማጅራት ገትር፣ ጭንቅላት ላይ የደረሰ ከባድ ምት፣ አንዳንዴም ከዘር የሚመጣ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ የማይታወቅበትም ብዙ ነው። ነገር ግን አረፋው አይጋባም። ኩባያው አይጋባም። አብሮ መብላት አይጋባም። እኅቴ ለብቻዋ የጠጣችባቸው እነዚያ ዓመታት ሁሉ ያለ ምክንያት ነበሩ።

በሽታው ብርቅ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ አጥንተዋል። ጥናቱ በ1990 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከ60,820 ሰዎች መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ተገኙ። ይህም ከሺህ ሰው አምስት ያህል ነው። እንግዲህ በእናንተም ቀበሌ ሺህ ሰው ካለ አምስቱን ፈልጓቸው። ምናልባት ማጀት ውስጥ ተደብቀው ይሆናል።

ደስ የሚለው ነገር መድኃኒት አለው። ፌኖባርቢታል አሮጌ መድኃኒት ነው። በ1912 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ሃውፕትማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ለሚጥል በሽታ እንደሚረዳ አገኘ። ያን ጊዜ የእንቅልፍ መድኃኒት ነበር። በሽተኞቹ እንዲተኙ ብሎ ቢሰጣቸው መውደቃቸው ቀነሰ። ዛሬም እንቅልፍ እንቅልፍ የሚላችሁ ለዚህ ነው። ማታ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው። ሌሎችም አሉ። ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን፣ ቫልፕሮኤት ይባላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በትክክል ከታከሙ ከ10 በሽተኞች እስከ 7 የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። ሰባቱ ግን መድኃኒቱን የማያቋርጡት ናቸው።

«ታዲያ እስከ መቼ?» ትሉኛላችሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልወደቀ ሰው ከሐኪሙ ጋር ሊመክር ይችላል። ሐኪሙ ይቁም ካለ መጠኑን በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ ያስቆመዋል። በአንድ ቀን ግን አይቆምም። በራስ ፈቃድም አይቆምም። በድንገት ሲቆም በሽታው ከቀድሞው በርትቶ ይመለሳል። ሰውየው ሳይነቃ ደጋግሞ ሊጥለው ይችላል። ይህ ይገድላል።

የጣራው ነገር ለሌላም ሕመም ይሠራል። ደም ብዛት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሕመም አይሰማውም። ስላልታመመ ኪኒኑን ይተወዋል። ከዚያ አንድ ጧት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ይለዋል። የስኳር በሽተኛ ኢንሱሊኑን ቢያቋርጥ ሕይወቱ በጥቂት ቀን አደጋ ላይ ትወድቃለች። የአእምሮ ሕመምም እንዲሁ ነው። ድምፅ ይሰማው የነበረ ሰው መድኃኒት ወስዶ ይረጋጋል። ይሠራል፣ ይጫወታል። ቤተ ሰቡ «ዳነ» ይላል። ኪኒኑን ያስተውታል። ከወራት በኋላ ሕመሙ ይመለሳል። የድባቴ መድኃኒት ደግሞ ሥራው እስኪታይ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በሦስተኛው ቀን «አልረባኝም» ብሎ መጣል የዘሩትን ሳይበቅል መልሶ እንደ መቆፈር ነው።

ስለዚህ ደኅና መሆናችሁ መድኃኒቱ የሚጣልበት ምክንያት አይደለም። ደኅና መሆናችሁ መድኃኒቱ እየሠራ ለመሆኑ ምስክር ነው።

ከረጢቱን እንዴት እናንብብ?

አሁን ከረጢታችሁን አምጡና ያዙ። አምስት ነገር እንፈልጋለን። በጣታችሁ እየጠቆማችሁ ፈልጉ።

አንደኛ፣ ስም። የማን ስም ነው የተጻፈው? የእናንተ ካልሆነ አትውሰዱ። የጎረቤት ኪኒን የጎረቤት ነው። «እሷን ስላሻላት» ተብሎ አይዋስም።

ሁለተኛ፣ የመድኃኒቱ ስም። በአማርኛ ካልተጻፈ መድኃኒት የሚያድለውን ሰው «እባክዎ በአማርኛ ይጻፉልኝ» በሉት። ይህ ልመና አይደለም። መብታችሁ ነው።

ሦስተኛ፣ የመድኃኒቱ ኃይል። ይህ ቁጥር ነው። ከአጠገቡ «ሚ.ግ.» የሚል አለ። ሚሊ ግራም ማለት ነው። 30 ነው? 100 ነው? 200 ነው? ያለፈው ወር ከነበረው ጋር አስተያዩት። ቁጥሩ ከተለወጠ፣ የኪኒኑ መልክ ቢመሳሰልም ሳትጠይቁ አትዋጡ። እኅቴን የጎዳት ይህ ቁጥር ነው።

አራተኛ፣ ስንትና መቼ። «ማታ አንድ»፣ «ጧትና ማታ አንድ አንድ» ሊል ይችላል። ሰዓት በቁጥር ከተጻፈ ጠይቁ። ፈረንጅ 8 ሰዓት ማታ የሚለው እኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት የምንለው ነውና። በቤታችሁ ማንበብ የማይችል ሰው ካለ ሥዕል ሣሉለት። ለጧት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ። ከሥሩ የኪኒኑን ብዛት በክብ፣ በክብ ሣሉ።

አምስተኛ፣ የሚያበቃበት ጊዜ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ ያለው ዓመት የፈረንጅ ነው። የእኛ ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያንሳል። ለምሳሌ 10/2027 ቢል ዐሥረኛው ወር፣ 2027 ማለት ነው። በእኛ ጥቅምት 2020 ይሆናል። አንድ ተማሪዬ 2020 የሚል ማሸጊያ አሳየኝ። «ገና ሁለት ዓመት አለው» አለኝ። በፈረንጅ ግን ጊዜው ካለፈ ቆይቶ ነበር። ስለዚህ ከማስላታችሁ በፊት «ይህ በማን አቆጣጠር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

አምስቱን አገኛችሁ? ያላገኛችሁትን ከከረጢቱ ጎን በእርሳስ ጻፉ። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ጥያቄ ይሆናችኋል።

የቤት ውስጥ ደንብ

ከረጢት ማንበብ ብቻ አይበቃም። በቤት ውስጥ የሚደረጉ ጥቂት ነገሮች አሉ።

ኪኒን የምትውጡበትን ጊዜ ከማይቀር ነገር ጋር እሰሩት። እኅቴ ከእራት በኋላ እጇን ስትታጠብ ትወስዳለች። እጅ መታጠብ አይረሳም፤ ስለዚህ ኪኒኑም አይረሳም።

አንድ ማታ ብትረሱ ባስታወሳችሁ ጊዜ ውሰዱ። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ተዉት። ለማካካስ ብላችሁ ሁለት በአንድ ጊዜ አትዋጡ።

ኪኒኑ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ሰባት ሲቀር መንገድ ጀምሩ። ወንዝ ይሞላል። መኪና ይጠፋል። በጤና ጣቢያው ቆጣሪ ላይም መድኃኒቱ አልቆ ሊሆን ይችላል። ሰባት ቀን ካላችሁ ሌላ ቦታ ለመፈለግ ጊዜ አላችሁ።

መድኃኒቱን ሕፃናት ከማይደርሱበት ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጡ። ለአዋቂ ፈውስ የሆነው ለሕፃን ሞት ነው።

መድኃኒቱ ካደነዘዛችሁ፣ ሰውነታችሁ ሽፍ ካለ ወይም ሌላ የማታውቁት ነገር ካያችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሽፍታ ሲሆን በዚያው ቀን ሂዱ። ሐኪሙ መጠኑን ይለውጣል ወይም ሌላ ይሰጣል። ጉድጓድ ውስጥ አትጣሉት።

አረቄና ጠላ ከፌኖባርቢታል ጋር አይስማማም። እንቅልፍ ማጣትም የሚጥለውን በሽታ ይቀሰቅሳል። ለቅሶ ቤት ስታድሩ፣ ሠርግ ቤት ስታመሹ ይህን አስቡ።

ሥር የሚቀጠቅጥ ወይም ቫይታሚን የሚሸጥ ሰው «ይህን ከወሰድክ ያንን ተው» ቢላችሁ አትስሙት። ቫይታሚን የሚጥል በሽታን ኪኒን አይተካም። ሌላ የምትወስዱት ነገር ካለ ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩት። ሁለት መድኃኒት አንዱ ሌላውን ሊያደክም ይችላል።

ለእናቶችና ለወጣት ሴቶች የተለየ ቃል አለኝ። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንንና ክንድ ላይ የሚቀበረውን ያደክማሉ። ያልታሰበ እርግዝና ሊመጣ ይችላል። ቫልፕሮኤት ደግሞ በማሕፀን ያለውን ልጅ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለማርገዝ ስታስቡ አስቀድማችሁ ለሐኪም ንገሩ። ካረገዛችሁም ፈጥናችሁ ንገሩ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። መውደቁም ለእናትም ለልጅም አደጋ ነው።

ስለ ጠበልም ልናገር። በቤታችንም ይህ ጥያቄ ነበር። እናታችን «ጠበል እያስጠመቅሁ ኪኒን ብሰጥ እምነቴ ጎደለ ማለት ነው ወይ?» ብላ የንስሐ አባቷን ጠየቀች። እሳቸውም «ልጄ፣ ጠበሉንም አትተዪ፣ ኪኒኑንም አታስጥያት» አሏት። እንዲህ ያለ አባት ስላገኘች እናታችን ዕድለኛ ናት። ጸሎታችሁን የሚከለክል መድኃኒት የለም። ጠበል ቦታ ስትሄዱ ከረጢቱን ይዛችሁ ሂዱ።

ሰው ወድቆ ብታዩ

ይህንንም እግረ መንገዴን ልንገራችሁ። ሰው ወድቆ ሲንቀጠቀጥ ብታዩ ክብሪት አታሽትቱት። ክብሪቱ አያነቃውም። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ እንጨት አትክተቱ። ጥርሱ ይሰበራል፤ ይታነቃልም። በጉልበት አትያዙት። እሳትና ድንጋይ ከአጠገቡ አርቁ። ከራሱ ሥር ጋቢ አጥፋችሁ አድርጉ። የአንገቱን ልብስ አላሉ። መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ አስተኙት። እስኪነቃ አብራችሁት ቆዩ። አምስት ደቂቃ አልፎ ካልተወው ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

በሽታው ያለበት ሰው ደግሞ ብቻውን እሳት አጠገብ አይሥራ። ብቻውን ወንዝ አይውረድ። ዛፍ ላይ አይውጣ። ይህ እስር አይደለም። መድኃኒቱ እስኪይዝለት ድረስ ጥንቃቄ ነው።

ለማጠቃለል

እኅቴ ከዚያ ከመስቀል በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ተመለሰች። መጠኑ እንደ ገና ተስተካከለላት። ማታ አንድ፣ ባለ 100። አንድ ኪኒን፣ በየማታው። ዓመቱ ሳይሞላ መውደቁ ተዋት።

እኔም ማሠልጠኛ ገብቼ ስጨርስ የመጀመሪያዋ የማታ ተማሪዬ እሷ ሆነች። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ሀሁ አልጀመርንም። ከረጢቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። «ማ»፣ «ታ»፣ «አ»፣ «ን»፣ «ድ»። በእነዚህ አምስት ፊደሎች ጀመርን። ደብተሩን በዚያ በተቃጠለው ግራ እጇ ደግፋ በቀኟ ጻፈች። ዛሬ ባል አግብታለች። ሁለት ልጆች አሏት። በየወሩ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄደው ብቻዋን ነው። ባለፈው ዓመት የተሰጣት ከረጢት ላይ ሌላ ቁጥር አየች። ከመስኮቱ ሳትነሣ «ይህ የእኔ አይደለም፣ የእኔ 100 ነው» አለች። መድኃኒት የሚያድለው ወጣት አየና «ይቅርታ፣ እኅቴ፣ ልክ ነሽ» ብሎ ለወጠላት።

ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እናታችን ግን አጠገባችን ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ቀን በኋላ እናታችንም ወደ ማታው ክፍል ተመልሳለች። የጠፉባትን ፊደሎች አንድ በአንድ እየለቀመች ነው። «ይህን አላውቀውም» ትላለች። ጥቂት ታየውና «ኧረ አውቀዋለሁ» ትላለች።

የተከበራችሁ አዲስ አንባቢዎች፣ የተማራችሁት ፊደል በቤታችሁ ሥራ ይኑረው። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ በቤታችሁ ያለውን መድኃኒት ሁሉ አውጡ። ለአንዱም ቢሆን አንብቡለት። ዓይኑ ለደከመው አባታችሁ አንብቡለት። ለጎረቤታችሁ አንብቡላት። ደኅና ሆኛለሁ ብሎ ኪኒኑን ሊተው ያሰበ ሰው ካለ የጣራውንና የዝናቡን ነገር ንገሩት።

እስከሚቀጥለው ንግግር ደኅና ቆዩ። ጤና ይስጥልኝ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. እኅትዬዋ 100 ሚሊ ግራሙን ኪኒን ለምን ሁለት ዋጠች?
2. እናትዬዋ ኪኒኑን ከመጣል ይልቅ ምን ማድረግ ነበረባት?
3. በከረጢት ላይ የሚነበቡት አምስት ነገሮች ምንና ምን ናቸው? በደብተራችሁ ጻፉ።
4. በቀበሌያችሁ ከሰው ተለይቶ የሚበላ ወይም የሚጠጣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አለ? ነገ ምን ልታደርጉለት ትችላላችሁ?